ከመጋረጃው ጀርባ፦ ሹክ ልበላችሁ

በወላጆች በዓል ዕለት አዳራሹ ሞልቶ፣ ልጆቹ የአገር ልብስ ለብሰው፣ ክራሩና ማሲንቆው ገጥሞ ሲሰማ ወላጅ ሁሉ «ጎበዞች!» ብሎ ያጨበጭባል። እውነትም ጎበዞች ናቸው። እዚያ ለመድረስ የተሠራውን ግን የሚያየው ሰው ጥቂት ነው። እኔ የሙዚቃ መምህር ነኝና ከውስጥ የማውቀውን ሹክ ልበላችሁ።

ቡድኑን የሚያዘው ዋሽንቱ ነው። ዋሽንት አንዴ ከተበሳ ድምፁ ያው ነው፤ ላጥብቀው፣ ላላላው አይባልም። የክራር ክር ይጠብቃል፣ ይላላል። ማሲንቆ መቺውም ጣቱን ወጣ ወረድ አድርጎ ይደርሳል። ስለዚህ ልምምድ ሲጀመር ዋሽንት ነፊው ልጅ አንድ ድምፅ ይዞ ይቆያል፣ ክራሮቹ በእሱ ይቃኛሉ፣ ማሲንቆው ይከተላል። የትኛው ዋሽንት ይነፋ የሚለውን የሚወስነው ደግሞ የዘማሪዎቹ ጉሮሮ ነው። አጭሩን ብናነሳ ልጆቹ ከላይ ይጮኻሉ፤ ረጅሙን ብናነሳ ከታች ድምፃቸው ይጠፋል። ዋሽንት ነፊዎች ርዝመታቸው የተለያየ ብዙ ዋሽንት ይዘው የሚዞሩት ለዚህ ነው። ትምህርት ቤት ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለው አንድ ወይም ሁለት ነው፤ ዘፈኑም የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው። ኪቦርድ ከተጨመረ መምህሩ አስቀድሞ የኪቦርዱን ድምፅ በጥቂት በጥቂቱ ከፍና ዝቅ እያደረገ ከዋሽንቱ ጋር ያስታርቀዋል።

የፕሮግራሙን ቅደም ተከተልም ልብ ብላችሁ እዩት። በትዝታ ቅኝት የሚሄዱት ዜማዎች አንድ ላይ ይመጣሉ፣ ከዚያ ግጥም ይነበባል ወይም አጭር ድራማ ይታያል፣ ከዚያ በባቲ ቅኝት የሚሄዱት ይቀጥላሉ። በትዝታ የተቃኘ ክራር ባቲ ለመጫወት እንደገና መቃኘት አለበት፤ ጀማሪ ልጅ ደግሞ በሕዝብ ፊት ቶሎ አይቃኝለትም። እናንተ ግጥሙን ስታዳምጡ መምህሩ ከመጋረጃው ጀርባ ተንበርክኮ፣ ጆሮውን ክራሩ ላይ ለጥፎ፣ በየተራ እየቃኘ ነው። ግጥሙ ረዘም እንዲል ለአንባቢዋ ልጅ በምሥጢር የነገራትም እሱ ነው።

ጣጣው የትምህርት ቤት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1963 ግብፃዊው አሜሪካዊ የሙዚቃ ሰው ሐሊም ኤል-ዳብ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ «ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ»ን ሲያቋቁም፣ በየአካባቢው ለየብቻ ይጫወቱ የነበሩ መሣሪያዎችን አንድ መድረክ ላይ አሰባስቦ ነበር። ለብቻው ሲጫወት የኖረን መሣሪያ ከሌላው ጋር ማስማማት የሚጠይቀውን ትዕግሥት፣ ዛሬ አንድ የሰባተኛ ክፍል መምህር ያለ ረዳት በየሳምንቱ ይከፍለዋል።

ሰባተኛ ክፍል ካልሁ አይቀር፣ የወንዶቹን ድምፅ ነገር መናገር አለብኝ። መስከረም ላይ ከሴቶቹ እኩል ይዘምር የነበረ ልጅ ጥር ላይ ድምፁ ይጎረንናል። ላይኛው አይደርስለትም፣ ታችኛው ገና አልተከፈተለትም፤ በእጁ የቀሩት አራት ወይም አምስት ድምፆች ናቸው። እኛ ዘንድ ደግሞ ሁሉም አንድ ዜማ በአንድነት ስለሚያዜም መደበቂያ የለውም። «ድምፅህ ተበላሽቷል፣ አንተ ዝም በል» የተባለ ልጅ ብዙ ጊዜ ዕድሜውን ሙሉ አይዘፍንም። ይህን ያሉትን መምህራን አውቃለሁ፤ ይህን ያህል ጉዳት የሚያደርስ ሌላ ቃል በእኛ ሥራ ውስጥ አላውቅም። አዋቂ መምህር በእነዚያ ጥቂት ድምፆች ብቻ የሚመላለስ አጭር አዝማች ይሠራለታል። ታዳሚው «አዝማቹ እንዴት ያምራል» ይላል፤ ለአንድ ልጅ ተብሎ የተሠራ መሆኑን አያውቅም። ማሲንቆዋን ገና ያልጨበጠች ልጅም ዳር አትቆምም፤ ከሁለት ጎበዞች መካከል ትገባለች፣ ግራና ቀኝ እየሰማች ትይዘዋለች።

ይህን ሁሉ የሚሠራው ሰው ኑሮስ? በክወናና ዕይታ ጥበባት ትምህርት አንዱ መምህር ሙዚቃውንም፣ ቴአትሩንም፣ ውዝዋዜውንም፣ ሥዕሉንም እንዲይዝ ይጠበቅበታል። ክራር የተማረው ሰው ጠዋት ቀለም ስለ መቀላቀል ያስተምራል። ፈተና ሲቃረብ መጀመሪያ የሚወሰደው የእሱ ክፍለ ጊዜ ነው። መሣሪያዎቹ ከንብረት ክፍል በስሙ ወጪ ተደርገው በፊርማው ተይዘዋል፤ ከጠፉ ከደመወዙ ይቆረጣል። ለዚህ ነው ሣጥኑ የሚቆለፈው፣ ልጁም ክራሩን ቤቱ ወስዶ የማይለማመደው። መምህሩን ንፉግ ከማለታችሁ በፊት ይህን አስቡለት። ማታ ሠርግ ወይም ሆቴል የሚጫወት ብዙ ነው፤ ማታው ሲበረታ ቀኑን ይተወዋል።

የሚያናድደኝ፣ አገራችን የልጆች ባንድና የአስተማሪ ነገር ምን እንደሚያፈራ ቀድማ ያየች መሆኗ ነው። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የነሐስ ባንድ ሰምተው ልጆቹን ወደ አዲስ አበባ አስመጡ፤ «አርባ ልጆች» የተባሉት እነሱ ናቸው። ኬቮርክ ናልባንዲያን መሪም አስተማሪም ሆነላቸው፤ የቀድሞውን ብሔራዊ መዝሙር የ«ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ»ን ዜማ የደረሰውም እሱ ነው። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ዘማሪ ቡድን እያሠለጠነ፣ ለቴአትር ቤት ኦርኬስትራ ዜማ እያቀናበረ ዕድሜውን ፈጀ። የሁለቱ ሥራ የቀጠለው በኖታ ተጽፎ ሌላ ሰው እጅ ስለገባ ጭምር ነው።

እኛ ዘንድ ግን ሰኔ ላይ መምህሩ ሲዛወር ርክክብ ይደረጋል። ክራር ይቆጠራል፣ ከበሮ ይቆጠራል፣ ይፈረማል። የትኛው ዘፈን በየትኛው ዋሽንት እንደሚሄድ፣ የማን ድምፅ እየጎረነነ እንደሆነ፣ አዝማቹ ለምን አጠረ የሚለው በመምህሩ ደብተር ወይም ጭንቅላቱ ውስጥ ብቻ ነው፤ አብሮት ይሄዳል። መስከረም ላይ አዲሱ መምህር ከባዶ ይጀምራል፤ ቡድኑም ብዙ ጊዜ ይፈርሳል። ርዕሳነ መምህራን፣ ይህን የምታነቡ ከሆነ፣ ዘንድሮ ከርክክቡ ቅጽ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፦ የመምህሩ ደብተር ቅጂ። ቢቻል ደግሞ ተተኪው ከግንቦት ጀምሮ ልምምድ ላይ ይቀመጥ፤ ልጆቹን በስማቸው ብቻ ሳይሆን በድምፃቸውም ይወቃቸው።