ሮሂንጋዎች፦ በተወለዱበት አገር ባዕድ የተባሉ ሙስሊሞች

መታወቂያና ፓስፖርት በእጃችን እስካሉ ድረስ ዋጋቸውን ብዙም አናስተውልም። ዜግነት የሌለው ሰው ግን ልጁን ለማስተማር፣ በሕጋዊ መንገድ ለመሥራትና ድንበር ለመሻገር ይቸገራል። ሲበደልም «ዜጋዬ ነው» ብሎ የሚቆምለት መንግሥት የለውም።

እ.ኤ.አ. በ1948 የጸደቀው ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ በአንቀጽ 15 ማንኛውም ሰው ዜግነት የማግኘት መብት እንዳለው፣ ማንም በዘፈቀደ ዜግነቱን ሊነጠቅ እንደማይገባ ይደነግጋል። ሆኖም ዜግነቱን የመስጠት ግዴታ ያለበት የትኛው አገር እንደሆነ አይናገርም። ማን ዜጋ እንደሆነ የሚወስነው እያንዳንዱ መንግሥት በራሱ ሕግ ነው።

የምያንማር (የቀድሞዋ በርማ) የሮሂንጋ ሙስሊሞች የወደቁት በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። አገሪቱ ከእንግሊዝ ነጻ ከወጣች በኋላ ከመካከላቸው የፓርላማ አባል እስከመሆን የደረሱ ነበሩ። በ1982 የወጣው የዜግነት ሕግ ግን ሙሉ ዜግነትን በዋናነት ከ1823 በፊት በአገሪቱ ሰፍረው ለነበሩ ብሔረሰቦች ሰጠ። መንግሥት እውቅና የሰጣቸው ብሔረሰቦች 135 ሲሆኑ፣ ሮሂንጋ ከዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ውጤቱ በወረቀት ላይ አልቀረም። በሰሜን ራካይን ከመንደር መንደር ለመሄድም ሆነ ለመጋባት የባለሥልጣን ፈቃድ ተጠየቁ። በ2015 ጊዜያዊ መታወቂያቸው ተሰርዞ የመምረጥ መብታቸውን አጡ። በነሐሴ 2017 ሠራዊቱ በከፈተው ዘመቻ ከ700,000 በላይ ሰዎች ወደ ባንግላዴሽ ሸሹ። ዛሬ በኮክስ ባዛር መጠለያ ጣቢያዎች የሚወለዱ ልጆችም የምያንማርም የባንግላዴሽም ዜጎች አይደሉም።

በሄግ በሚገኘው ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት መክሰስ የሚችለው መንግሥት ብቻ ነው። የሮሂንጋዎችን አቤቱታ ሊያሰማ የሚገባው የገዛ መንግሥታቸው ደግሞ በዳዩ ራሱ ነው። ስለዚህ በ2019 በእስልምና ትብብር ድርጅት ድጋፍ ምያንማርን በዘር ማጥፋት የከሰሰችው ትንሿ ጋምቢያ ሆነች። ፍርድ ቤቱም በጥር 2020 ምያንማር ሮሂንጋዎችን ከዘር ማጥፋት ድርጊት እንድትጠብቅ አዘዘ።

የ1961ዱ ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ሌላ ዜግነት የማያገኝ ሕፃን የተወለደበትን አገር ዜግነት እንዲያገኝ ይደነግጋል፤ የሚያስገድደው ግን የተቀበሉትን አገሮች ብቻ ነው። ሸቀጥና ገንዘብ እንደልብ ድንበር በሚሻገሩበት በዚህ ዘመን፣ የሮሂንጋ ሕፃን እስካሁን «አገሬ» ብሎ የሚያሳየው ወረቀት የለውም። እርዳታ ያቆየዋል፤ ዜግነቱ ካልተመለሰለት ግን ዘላቂ መፍትሔ አይኖርም።