በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ እሳት

የጥንት ሰዎች ኮምጣጤን ከምግብ ጓዳም ሆነ ከመድኃኒት ሣጥን አልለዩትም ነበር፤ የሮማ ወታደር በዘመቻ ላይ ከውሃ ጋር በጥብጦ ይጠጣው ነበርና፣ በጌታ ስቅለት ጊዜ በሰፍነግ ተነክሮ የቀረበው ኮምጣጤም ይኸው የወታደሮች መጠጥ ሳይሆን እንዳልቀረ ብዙ ሊቃውንት ያስባሉ። በግሪካዊው ሐኪም በሂፖክራተስ ስም የሚጠሩት መጻሕፍት ደግሞ ኮምጣጤና ማር የተዋሐዱበትን መጠጥ አክታ ለከበደውና ደረቱ ለታፈነ በሽተኛ ያዝዙ ነበር።

በዘመናችን «የእሳት ሳይደር» የሚል ስም ይዞ በአሜሪካ ቤቶች የሚዘጋጀው መጠጥ የዚሁ ጥንታዊ መድኃኒት ዘር ነው። ሮዝሜሪ ግላድስታር የተባሉት የዕፀዋት መድኃኒት መምህርት በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በካሊፎርኒያ ለደቀ መዛሙርቶቻቸው ያስተማሩት ሲሆን፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በርበሬና ሆርስራዲሽ የተባለው የሚሰነፍጥ ሥር በፖም ኮምጣጤ ተዘፍዝፈው ከሰነበቱ በኋላ በማር ይጣፍጣሉ። አንድ የማሳቹሴትስ ኩባንያ ስሙን የግል የንግድ ምልክቱ አድርጎ አስመዝግቦት ነበር፤ ነገሩ ከፌዴራል ፍርድ ቤት ደርሶ በ2019 ስሙ የሁሉም እንጂ የአንድ ነጋዴ እንዳልሆነ ተፈረደ። ፍርዱም የሚገባ ይመስለኛል፤ በብዙ ሴቶች እጅ የዞረውን የጓዳ ጥበብ አንድ ሰው በአጥር ሊከበው አይገባውምና።

ወደ ምሥጢሩ እንግባ። የፖም ጭማቂ ሲብላላ ስኳሩ አልኮል ይሆናል፤ አልኮሉ ደግሞ አየር ባገኘ ጊዜ ዓይን የማያያቸው ባክቴሪያዎች ከኦክስጅን ጋር እያዋሐዱ ወደ አሴቲክ አሲድ ይለውጡታል፤ ይህም የሕያዋን ሥራ መሆኑን ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር በ1860ዎቹ መርምሮ አስረድቷል። ለምግብ የሚሸጠው ኮምጣጤ ብዙውን ጊዜ 5 በመቶ ያህል አሴቲክ አሲድ አለው፤ የአሲድነቱም መለኪያ (ፒኤች) ከ3 በታች ወይም በዚያው ግድም ነው። ቦቱሊዝም የተባለውን ገዳይ መርዝ የሚያመነጨው ባክቴሪያ ፒኤቹ ከ4.6 በታች በሆነ ነገር ውስጥ ሊያድግ ስለማይችል፣ ከአፈር የወጣ ነጭ ሽንኩርት በዘይት ተዘፍዝፎ ያለ ማቀዝቀዣ ሲቀመጥ የሚያስፈራውን ያህል በኮምጣጤ ሲዘፈዘፍ አያስፈራም።

ነገር ግን ኮምጣጤው ጠባቂ እንደ ሆነ ሁሉ ገዳይም ነው፤ አንዳንድ የመጠጡ አዘጋጆች የሚዘነጉት ይህንን ነው። ያልተነካ ነጭ ሽንኩርት ያን ኃይለኛ ሽታውን ገና አልወለደም። አሊን የተባለው ንጥረ ነገር በአንድ ክፍል፣ አሊናዝ የተባለው ኢንዛይም በሌላ ክፍል ተለያይተው ይኖራሉና፣ ፍሬው ሲቀጠቀጥ ግድግዳው ፈርሶ ሁለቱ ሲገናኙ ብቻ አሊሲን ይፈጠራል፤ ይህንንም አሊሲን ካቫሊቶና ቤይሊ የተባሉ አሜሪካውያን ኬሚስቶች በ1944 ለይተው አውጥተውታል። ኢንዛይሙ ግን ሙቀትንም ብርቱ አሲድንም አይችልም፤ ፒኤቹ ከ3 በታች ሲወርድ ሥራው ይቆማል። እንግዲህ ያልተቀጠቀጠ ነጭ ሽንኩርት ኮምጣጤ ውስጥ የሚጥል ሰው በሩን ሳይከፍት ቁልፉን የሰበረ ሰው ይመስላል። ስለዚህ ቀጥቅጦ 10 ደቂቃ ያህል በአየር ላይ ማቆየት፣ ከዚያም በኋላ ኮምጣጤውን ማፍሰስ ይገባል።

የሆርስራዲሹም ነገር ከዚህ አይርቅም። ሥሩ ሲፈገፈግ ማይሮሲኔዝ የተባለ ኢንዛይም አፍንጫን የሚወጋውን የሰናፍጭ ዘይት ይወልዳል፤ ኮምጣጤ በቶሎ ከተጨመረበት ለዘብ ይላል፣ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ ግን ኃይሉ ይጠነክራል። ይህ ሥር በገበያችን እንደ ልብ አይገኝም፤ ሆኖም በጾም ማዕዳችን የምናውቀው ሰናፍጭ የዚያው ወገን ተክል ሲሆን፣ የሚሰነፍጠውም በዚያው ምክንያት ስለ ሆነ ያለ ኀፍረት ይተካዋል፤ ፌጦም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። የሰናፍጩን ፍሬ ፈጭቶ በቀዝቃዛ ውሃ ለውሶ ጥቂት ማቆየት ይበቃል፤ የፈላ ውሃ ኢንዛይሙን ይገድለዋል።

የበርበሬው ማቃጠል ሌላ ጠባይ አለው። ካፕሳይሲን የተባለው ንጥረ ነገር በነርቭ ላይ ካለ ተቀባይ ጋር ይገናኛል፤ ይኸው ተቀባይ ከ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ የሆነ ሙቀትንም የሚያውቅ በመሆኑ አእምሮ ሁለቱን ሳይለይ «ተቃጠልሁ» ይላል። ተቀባዩን በ1997 ያገኙት ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ ጁሊየስም በ2021 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነዋል። እርድ የሚጨምሩ አሉ፤ ቀለም ሰጪው ኩርኩሚን በውሃ እምብዛም ስለማይሟሟ ከጠርሙሱ ግርጌ ይዘቅጣል፣ ስለዚህም ከመጠጣት በፊት መነቅነቅ ያስፈልጋል።

አሠራሩ አያደክምም። አንድ ሊትር በሚይዝ ንጹሕ የመስተዋት ማሰሮ ውስጥ 10 ፍንካች የተቀጠቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርት፣ ግማሽ ስኒ የተፈገፈገ ዝንጅብል፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተለወሰ ሰናፍጭና አንድ ሁለት ቃሪያ ጨምሮ፣ ሁሉንም እስኪሸፍን ድረስ ኮምጣጤ ማፍሰስ ነው። በሱቅ አቸቶ እየተባለ የሚሸጠውም ይሆናል፤ ነገር ግን በጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ መባሉን አስቀድሞ ማንበብ ነው። አሲዱ ብረት ስለሚበላ በክዳኑ ሥር ወረቀት ይደረጋል። በጨለማ ቦታ እየተነቀነቀ አራት ሳምንት ከሰነበተ በኋላ በንጹሕ ሻሽ ይጠለልና ማር ይጨመርበታል። ነጭ ሽንኩርቱ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ቢሆን አትደንግጡ፤ የድኝ ውሁዶቹ ከአሲዱ ጋር የሚፈጥሩት ቀለም ነው፣ ጉዳትም የለውም።

ይህ መጠጥ ጉንፋንን እንደሚፈውስ የተረጋገጠ ማስረጃ የለም፤ አሊሲኑ ራሱ በአራቱ ሳምንት ውስጥ አብዛኛው ወደ ሌሎች የድኝ ውሁዶች ተለውጦ ያልቃል። ኮምጣጤ ከዳቦ ጋር ሲወሰድ ከምግብ በኋላ የሚነሣውን የደም ስኳር በመጠኑ ሊያበርድ እንደሚችል ጥቂት ሰዎች የተካፈሉባቸው ጥናቶች ያመለክታሉ፤ ከዚህ የበለጠ ተስፋ የሚሰጥ ነጋዴ ቢገጥማችሁ ቦርሳችሁን ዝጉ። የምግብ ጣዕም ማሳመሪያ፣ የቀዘቀዘ ሰውነት ማሟሟቂያ ከሆነ ግን ለእኔ ይበቃኛል።

የጥርስ ልባስ ፒኤቹ ከ5.5 በታች በሆነ ፈሳሽ ስለሚሟሟ አንድ ማንኪያውን በብርጭቆ ውሃ በጥብጣችሁ ጠጡ እንጂ ንጹሑን አትጎንጩ። ጨጓራው የሚያቃጥለው ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። ዕድሜው አንድ ዓመት ላልሞላ ሕፃንም ማር የገባበትን ነገር ፈጽሞ አትስጡ፤ በማር ውስጥ ሊኖር የሚችለው የቦቱሊዝም ዘር በጨቅላ አንጀት ውስጥ ሊያድግ ይችላልና።