ዛፉ ሲደርቅ መሬቱን እዩ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል፦ «ወላጆቻችን ግቢ ያለው ትልቁ ዛፍ ከጫፉ መድረቅ ጀምሯል፤ ክረምት ሳይገባ እናስቆርጠው ወይ?» ለእያንዳንዳችሁ ለየብቻ ከምመልስ እኛ ቤት የሆነውን ልጻፍላችሁ። ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

የእናቴ ቤት ኮልፌ ቀራኒዮ፣ ወይራ ሰፈር ነው። ግቢው ውስጥ ሁለት ዛፎች አሉ፤ ከበሩ በስተግራ ወይራ፣ ጓሮ ደግሞ የሐበሻ ጥድ። ቤቱ የተሠራው በጃንሆይ ጊዜ ነው። እማዬ እንደምትለው ወይራው ያኔም ትልቅ ነበር፤ አባቴም መሠረቱን ያስቆፈረው ከዛፉ ሸሽቶ ነው። ልጆቼ የሰፈሩን ስም ሲጠይቁኝ ወስጄ ግንዱን አስነካቸዋለሁ። እኔ ልጅ ሳለሁ በየግቢው ይታይ ነበር። አሁን በአብዛኛው ስሙ ነው የቀረው።

ከስድስት ዓመት በፊት ግቢውን በሙሉ ሲሚንቶ አስደረግነው። በክረምት ጭቃው አላስገባ አላስወጣ ይል ነበር፤ እማዬም ጉልበቷን ስለሚያማት እንዳትወድቅብን ፈራን። ሠራተኞቹ መሬቱን ደለደሉ፣ ኮረት አፍስሰው ጠቀጠቁ፣ ኮንክሪቱንም ከግንዱ ጋር አጋጥመው ለሰኑት። «እዚህ ጋ ክፍተት አትተዉ፤ ውሃ ይገባል» ያልኳቸው እኔ ነኝ። ይህን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ያመኛል።

በመጀመሪያው ዓመት ምንም አልታየም፤ በሁለተኛውም እንደዚያው። በሦስተኛው ዓመት ቅጠሉ ሳሳ፣ ከሥሩ ቆመን ስናይ ሰማዩ በመሃል ይታየን ጀመር። በአራተኛው የላይኞቹ ቅርንጫፎች ባዶ እንጨት ሆኑ። ትልቅ ዛፍ በግንዱና በሥሩ ያጠራቀመው ስንቅ አለው። ጉዳት ሲደርስበት እሱን እየበላ ይቆያል፤ ሕመሙ ፊት ለፊት የሚወጣው ስንቁ ሲያልቅ ነው። እኛ ግን ሲደርቅ «ዘንድሮ ምን ነካው?» እንላለን። መጠየቅ ያለብን «የዛሬ ሦስትና አራት ዓመት እዚህ ግቢ ምን ተሠራ?» ብለን ነው። ሴፍቲ ታንክ ተቆፍሮ ይሆናል፣ የውሃ መስመር አልፎ ይሆናል፣ አፈር ተደፍቶ መሬቱ ከፍ ብሎ ይሆናል፣ መኪና መቆሚያ ተደርጎ ይሆናል።

ያን ጊዜ አንድ ቆራጭ አምጥተን ነበር። ቀና ብሎ አየና «አርጅቷል፤ አናቱን እንበለውና ይታደስ» አለን። ሁለቱም ቃላት ልክ አይደሉም። እርጅናውን እናስቀድም። ከከተማችን በስተምዕራብ መናገሻ ሱባ ደን ውስጥ ያሉት ትልልቅ ጥዶች ዕድሜያቸው የሚቆጠረው በመቶ ዓመታት ነው። ደኑን በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ወይራም እንደዚሁ ዕድሜው ረጅም ነው። ስልሳና ሰማንያ ዓመት ለእነዚህ ዛፎች የጉልምስና ዘመን ነው።

«አናቱን ቁረጠው፣ ይታደሳል» የሚለው እምነት ደግሞ የመጣው ከባሕር ዛፍ ይመስለኛል። አዲስ አበባ በማገዶ እጦት ተቸግራ፣ ዐፄ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ተነስተው እንደነበር ታውቃላችሁ። ከተማዋን ያቆያት ባሕር ዛፍ ነው። ከግንዱ ብትቆርጡት ከጉቶው አራትና አምስት ሆኖ ያቆጠቁጣል፤ ኮልፌ አጠና ተራ የሚደረደረው እንጨት ሁሉ የዚህ ጸባዩ ፍሬ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ዛፍ መቁረጥን የተማርነው በእሱ ላይ ነውና ሌላውንም እንደ እሱ እናየዋለን። ጥድ ግን ቅጠል እስከሌለበት ድረስ ከተቆረጠ መልሶ አያቆጠቁጥም፤ ያ ቅርንጫፍ በዚያው ይቀራል። ወይራ ያቆጠቁጣል፤ ነገር ግን አናቱ የተገመሰ ትልቅ ወይራ የሚያወጣው ቀጫጭን ቡቃያ ከላይ ብቻ የተለጠፈ ነው። ከዓመታት በኋላ ሲከብድ በንፋስ ይገነጠላል፤ በሰፊው ቁስልም መበስበስ ይገባል። ከዚህ ሁሉ በላይ የታመመ ዛፍ ምግቡን የሚሠራው በቀረው ቅጠል ነው። ቅጠሉን መቁረጥ ለበሽተኛ ጉርሻ መከልከል ነው።

እንግዲህ ወደ መሬቱ። የዛፍ ሥር እንደ ካሮት ወደ ታች ብቻ የሚሄድ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ውሃና ምግብ የሚስበው ቀጭን ሥር አብዛኛው የሚገኘው በላይኛው ግማሽ ሜትር አፈር ውስጥ ነው፤ ወደ ጎንም ከቅርንጫፎቹ ጥላ አልፎ ይሄዳል። ሥር ይተነፍሳል። አየሩን የሚያገኘው በአፈር ቅንጣቶች መካከል ካለው ክፍተት ነው። አፈሩ ሲጠቀጠቅ ክፍተቱ ይዘጋል፤ ከላይ ኮንክሪት ሲደፋበት ዝናቡም አብሮ ይቀራል።

መጋቢት ላይ፣ በልጉ ሳይጠነክር፣ ከወንድሜ ጋር ዲጂኖና መዶሻ ይዘን ኮንክሪቱን ከግንዱ ዙሪያ ሁለት ሜትር ያህል አነሳን። ከሥሩ የወጣው አፈር ጡብ ሆኖ ነበር፤ ሽታውም የታፈነ ጓዳ ሽታ ነው። ዶማ አላስነካሁም። በእጄና በትንሽ ብረት እየፋቅሁ ላዩን ብቻ አላላሁት፤ የደረቁት ሥሮች ሲነኩ ጥቁር ቅርፊታቸው ይላጣል፣ በሕይወት ያሉት ግን ሲጫሩ ውስጣቸው ነጭ ነው። ነጩን ሳይ ማልቀሴን ለእማዬ አልነገርኳትም። የበሰለ ብስባሽ በስሱ አለበስነው፣ ከላዩ አራት ጣት የሚሆን ደረቅ ቅጠል ጎዘጎዝን፤ ጉዝጓዙ ግን ግንዱን እንዳይነካ ዙሪያውን አንድ ስንዝር ክፍት ተውን፤ ቅርፊት እርጥበት ሲታቀፍ ይበሰብሳል። ለእማዬ መሄጃ ጠፍጣፋ ድንጋይ በአሸዋ ላይ አነጠፍን፤ በድንጋዮቹ መሃል ውሃ ይሰርጋል። በበጋ በሳምንት አንድ ቀን ማታ ማታ ቱቦውን ከግንዱ ራቅ አድርገን ቀስ ብሎ እንዲፈስ እንተወዋለን። በረኪናና ኦሞ ያለበት የልብስ እጣቢ ዛፍ ሥር መድፋትም ቀረ።

አፈሩን ስንጠርግ ሌላም ነገር አየን። የድሮው የልብስ ማስጫ ሽቦ ግንዱ ላይ ተጠምጥሞ ቅርፊቱ ውስጥ ሰምጧል። ቅጠል የሠራው ምግብ ወደ ሥር የሚወርደው ከቅርፊቱ ሥር ባለው ቀጭን ሽፋን ነው፤ ሽቦ እሱን ሲያንቅ ሥሩ ይራባል። የወጣውን በፒንሳ ቆርጠን አነሳን፤ የተዋጠውን ግን ጎትተን ቁስል ከማብዛት ተውነው።

ከላይ የቆረጥነው ደረቁን ብቻ ነው። ቅርንጫፍ ከግንድ ሲገናኝ የተሸበሸበች እብጠት አለች፤ አንገቱ በሏት። እሷ አትነካም፤ ቁስሉን የምትዘጋው እሷ ናት። ከባድ ቅርንጫፍ ሲሆን መጀመሪያ ከግንዱ ሁለት ስንዝር ርቃችሁ ከታች ወደ ላይ ሲሶውን ጋዙ፤ ቀጥሎ ትንሽ ወጣ ብላችሁ ከላይ ቆርጣችሁ ጣሉት፤ በመጨረሻ የቀረውን ጉማጅ ከአንገቱ ወዲያ አንሱ። እንዲህ ካልሆነ ሲወድቅ የግንዱን ቅርፊት ይዞ ይገሸልጣል። ቁስሉን ቀለም ወይም ሬንጅ አትቀቡት። አሌክስ ሺጎ የሚባሉ አሜሪካዊ የደን ተመራማሪ በሺዎች የሚቆጠሩ ዛፎችን በቁመታቸው ሰንጥቀው አይተው፣ ዛፍ የተጎዳ ሥጋውን እንደ እኛ እንደማይተካ፣ ዙሪያውን አጥሮ እንደሚያሽገው አሳይተዋል። ቀለሙ እርጥበት አፍኖ ለመበስበስ ይመቻል እንጂ አይረዳውም።

የጥዱ ነገር ከባድ የሆነው በአጥሩ ምክንያት ነው። ከ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ በኋላ የግቢያችን ጓሮ ተከፍሎ የቀበሌ ቤት ሆነ፤ ቆርቆሮው ያለፈው ከጥዱ አንድ ክንድ ርቆ ነው። ግማሽ ሥሩ ጎረቤት ነው ያለው። አምና ጎረቤታችን ጋሼ ለፍሳሽ ቦይ ሊያስቆፍሩ ሲሉ ሄጄ ለመንኳቸው። «ልጄ፣ ዛፉ የእናንተ አይደል እንዴ?» አሉኝ። በአንድ በኩል ሥሩ የተቆረጠ ጥድ በሰኔ ወጨፎ የሚወድቀው ወደ የትኛው ቤት እንደሆነ መሬት ላይ በእንጨት ሥዬ አሳየኋቸው። ቦዩን ሦስት ሜትር ወደዚያ አዞሩት። የተጨመረውን የቱቦ ዋጋ እኛ ቻልን።

መቆረጥ ያለበት ዛፍም አለ፤ አልዋሽም። ከግርጌው የጅብ ጥላ በተደጋጋሚ የሚበቅልበት፣ በቅርብ ጊዜ መዘንበል የጀመረ፣ ከዘመመበት በተቃራኒ መሬቱ የተነሳ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ ከሥሩ አትቀመጡ፤ የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይየው። ግንዱ ባዶ መሆኑ ብቻ ግን ፍርድ አይደለም፤ ሕይወቱ ያለው በውጭኛው ክፍል ነው። የመብራት ሽቦ የነካ ቅርንጫፍ ላይ ማንም መሰላል አይደግፍ፤ ለመብራት ኃይል አሳውቁ። ከመቁረጣችሁ በፊትም ወረዳችሁን ጠይቁ።

ወይራችን ሁለት ክረምት አልፎታል። የደረቀው ጫፍ አልተመለሰም፤ አይመለስም። ከእሱ ዝቅ ብሎ ያሉት ቅርንጫፎች ግን ዘንድሮ ጥቅጥቅ ያለ ቅጠል አውጥተዋል። ያወረድነውን ደረቅ እንጨት እማዬ አንዱንም አላስጣለችም። በስንዝር በስንዝር አስፈልጣ በማዳበሪያ ከረጢት ጓዳ አስቀምጣዋለች፤ የፋሲካውን የጠላ ጋን ያጠነችው በእሱ ነው።