ጠላው መቼ ተጠነሰሰ?

አስቂኝ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ከሌላው የወንጀል ታሪክ የሚለየው በወንጀሉ አይደለም። እዚህም ሰው ይሞታል፣ ንብረት ይጠፋል፣ ቤት ይቃጠላል። ልዩነቱ ፈላጊዋ ላይ ነው። ፖሊስ አይደለችም፣ ደመወዝ የላትም፣ «መርምሪ» ብሎ ያዘዛትም የለም። ብዙውን ጊዜ ዕድሜዋ የገፋ፣ አለባበሷም ሆነ ጥያቄዋ መንደሩን የሚያስቅ፣ «ወሬ ቃራሚ» እየተባለች የምትታማ ሴት ናት። ከቁም ነገር የሚቆጥራት ስለሌለ ሁሉም እፊቷ እንዳሻው ያወራል፤ የድርሰቱ ብልሃትም እዚሁ ላይ ነው።

ይህች ሴት በዓለም ሥነ ጽሑፍ ከመቶ ዓመት በላይ ኖራለች። አሜሪካዊቷ ደራሲ አና ካተሪን ግሪን እ.ኤ.አ. በ1897 ባሳተመችው ልብ ወለድ የጎረቤቷን ቤት በመስኮት የምትቃኝ አሚሊያ በተርወርዝ የምትባል ወይዘሪት ነበረች። ዝናውን የወሰደችው ግን የእንግሊዛዊቷ አጋታ ክሪስቲ ሚስ ማርፕል ናት። እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ በአሥራ ሁለት ልብ ወለዶች ውስጥ ሹራቧን እየሠራች ነፍሰ ገዳይ ትይዛለች። ዘዴዋ ቀላል ነው፦ የከተማውን ወንጀለኛ በመንደሯ ከምታውቀው ዋሾ ወይም ገብጋባ ጋር ታመሳስለዋለች። ለኢትዮጵያ አንባቢ የበለጠ የምትቀርበው ምናልባት ፕሬሸስ ራሞትስዌ ትሆናለች። አሌክሳንደር ማኮል ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1998 የፈጠራት ይህች የቦትስዋና ሴት አባቷ ያወረሷትን ከብት ሸጣ ጋቦሮን ውስጥ የምርመራ ቢሮ ትከፍታለች። ከብት ተሽጦ ቢሮ ተከፈተ ቢባል የጎጃም ገበሬ ምን እንደሚል መገመት አያስቸግርም።

በኢትዮጵያ ወንጀል ፍለጋ ለረጅም ዘመን የአደባባይ፣ ያውም በአመዛኙ የወንዶች ጉዳይ ነበር። አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ሲጠራ የአካባቢው ሰው ዛፍ ሥር ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል፤ የመጣውም ያየውንና የሰማውን በመሐላ ይጠየቃል። ጥፋተኛው ካልተገኘ የጠፋውን ንብረት ማኅበረሰቡ ሊከፍል ይችላል። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በእንግሊዝኛ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያሳተመው «ዘ አፈርሳታ» የተሰኘው ልብ ወለድ የቆመው በዚህ ሥርዓት ላይ ነው፤ የአንድ የጉራጌ ገበሬ ጎጆ ይቃጠልና መንደሩ አቃጣዩን ለማግኘት ይሰበሰባል።

ከአፈርሳታ ይልቅ ለአስቂኝ ድርሰት የሚመቸው ሌባሻይ የሚባለው የቀድሞ የሌባ ፍለጋ ልማድ ነው። አንድ ልጅ የሚያደነዝዝ መጠጥ ይሰጠውና ወገቡን በገመድ ተይዞ እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። ለተጠርጣሪው ግን ምንም የሚያስቅ ነገር አልነበረውም።

የሁለቱም ድክመት አጠያየቁ ላይ ነው። አፈርሳታ ሰውን በሰው ፊት ይጠይቃል፣ ሌባሻይ ደግሞ ጨርሶ አይጠይቅም። ቡና ላይ ግን ማንም ተጠየቅሁ ሳይል ይናገራል። ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ የማን ላም እንደነጠፈች፣ የማን ልጅ ባሕር ዳር እንደሄደ፣ ማን ብድሩን በድንገት እንደከፈለ ይወጣል። ስለዚህ የዚህ ዓይነቷ መርማሪ ሐሜትን ወደ ማስረጃ የምትለውጥ ሴት ናት ቢባል ልክ ነው።

አሠራሩ በምሳሌ ይታይ። በደምበጫና በፍኖተ ሰላም መካከል መንገድ ላይ ባለችው ጅጋ ከአንድ ገበሬ ጎተራ ዳጉሳ ተሰረቀ እንበል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ፖሊሱ አንዱን ጎረቤት ይጠይቃል። ሰውዬው፣ «ቤቴ ያለው ዳጉሳ ትናንት ከገበያ የገዛሁት ነው፤ ከዚያ በፊት አንዲት ፍሬ አልነበረኝም፤ ይኸው ጠላውም ከእርሱ የወጣ ነው» ብሎ በጣሳ ይቀዳለታል። ፖሊሱ ቃሉን ይመዘግባል፣ ጠላውን ያመሰግናል፣ ይደግማል። ጥግ ላይ የተቀመጡት ባልቴት አንዴ ቀመስ አድርገው፣ «ጎሽ ልጄ፣ ጥሩ ጠላ ነው። መቼ ተጠነሰሰ?» ይላሉ። ሁሉም ይስቃል፤ የሴት ጥያቄ ነዋ! ብቅሉ ተዘፍዝፎ እስኪበቅልና እስኪደርቅ ቀናት ይፈልጋል፤ ከጌሾ ጋር ተጠንስሶ፣ ተደፍድፎና ውሃ ተጨምሮበት እስኪጠልል ደግሞ ሌላ ቀናት። ትናንት የተገዛ እህል ዛሬ በጣሳ አይቀዳም።

እዚህ ላይ የዘርፉ ዋና ሕግ ይታያል። ፍንጩ ከአንባቢው አልተደበቀም፤ ጠላው እፊቱ ተቀድቷል። አንባቢው ያለፈው ከፖሊሱ ጋር አብሮ ስለሳቀ ነው። ሳቁ ፍንጩን የሚሸፍን ክዳን ነውና፣ በመሃል ተለጥፎ የገባ ቀልድ ብቻ ከሆነ ድርሰቱ ይወድቃል። ሞት ላይ መሳለቅም አይሠራም፤ የሚያስቀው የመርማሪዋ ግትርነትና የባለሥልጣኑ ኩራት እንጂ ሟቹ አይደለም።

የአማርኛ አንባቢ ለምርመራና ለስለላ ታሪክ እንግዳ አይደለም። ይልማ ሀብተየስ በወንጀል ምርመራ ልብ ወለዶቹ፣ ማሞ ውድነህ በስለላ ታሪኮቹ ብዙ አንባቢ አፍርተዋል። ያበደ እየተባለ እውነቱን የሚናገር ሰውም አዲስ አይሆንበትም፤ በ1958 ዓ.ም. በታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ጉዱ ካሳ አለ። የዚያ መጽሐፍ በዛብህ የተወለደባት ማንኩሳም ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት፤ ከጅጋ ሩቅ አይደለችም። ጉዱ ካሳ ግን ወንድ ነው፣ የሚታገለውም ከሥርዓቱ ጋር እንጂ ከሌባ ጋር አይደለም።

ይህን ቦታ በሴት ልሙላ የምትል ደራሲ ጅጋም ሆነ ቡሬ ካለች፣ ጠላውን ለፖሊሱ ከማስቀዳቷ በፊት ጥንስሱ ስንት ቀን እንደሚፈጅ እናቷን ጠይቃ ታረጋግጥ።