ድምፁ የጠፋ ኪቦርድ

ኪቦርድ መግዣ ያጣ ጀማሪ አቀናባሪ ስቱዲዮ ድረስ መጥቶ ሲያማክረኝ፣ ስለ ገንዘቡ ከማንሳቴ በፊት ቤቱ ወይም ዘመድ ጋ የተበላሸ ኪቦርድ እንዳለ እጠይቀዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ አይጠፋም። ስፒከሩ ተቀዶ ቁም ሳጥን ላይ የተሰቀለ አንድ አሮጌ ዕቃ ይገኛል።

«ጋሼ፣ እሱ እኮ ድምፅ የለውም።»

«ሲሰካ ይበራል?»

«መብራቱማ ይበራል።»

ከበራና ከጀርባው «ሚዲ አውት» የሚል አምስት ቀዳዳ ያለው ክብ መሰኪያ ካለው ይበቃናል። ድምፁን ላፕቶፑ ይሰጣል። ሚዲ የሚያስተላልፈው ድምፅ ሳይሆን የትኛው ቁልፍ እንደተነካ፣ በምን ኃይል እንደተመታ፣ መቼ እንደተለቀቀና ይህን የመሰለውን መልእክት ነው። በጥር 1983 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ በተካሄደ የሙዚቃ መሣሪያዎች ዐውደ ርዕይ ላይ የሁለት ተፎካካሪ ድርጅቶች ሲንተሳይዘሮች፣ ፕሮፌት 600 እና የሮላንድ ጁፒተር 6፣ በሚዲ ሽቦ ተገናኝተው አንዱ ሌላውን አጫወተ። የሁለቱ ድርጅቶች ሰዎች፣ አሜሪካዊው ዴቭ ስሚዝና ጃፓናዊው ኢኩታሮ ካኬሃሺ፣ ይህን የሚዲ ቋንቋ ለሁሉም አምራች በነጻ እንዲሆን ባያደርጉት ኖሮ የዚያ ዘመን ኪቦርድ ከዛሬ ላፕቶፕ ጋር ባልተግባባ ነበር። ለዚህ ውሳኔያቸው ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ።

መሰኪያውን ወደ ዩኤስቢ የሚቀይረው ገመድ ርካሽ ነው። ጫፎቹ ላይ የተጻፈው ግን ያሳስታል፤ በብዙዎቹ «ኢን» የተባለው ጫፍ የሚሰካው ኪቦርዱ «አውት» ላይ ነው። ድምፁ ዘግይቶ ከመጣም ኪቦርዱን አትውቀሱ። አንድ ኖታ በዚህ ሽቦ ለማለፍ የሚፈጅበት አንድ ሺህኛ ሰከንድ ገደማ ነው። የሚያዘገየው ላፕቶፑ ድምፁን ከማውጣቱ በፊት የሚያጠራቅምበት መጠን፣ በፈር የሚባለው፣ ነውና ወደ 256 ወይም 128 ዝቅ ይደረግ።

አሮጌውን ከአዲሱ ትንሽ ባለ 25 ቁልፍ ኪቦርድ የምመርጠው በርካሽነቱ ብቻ አይደለም። ትንሹ ለቤዝና ለድራም ይሆናል፤ በሁለት እጅ ለሚጫወት ግን ጠባብ ነው። ቃናውን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው የፒች ቤንድ ጎማ ከሌለው ደግሞ ለእኛ ሙዚቃ በጣም ይጎድላል። ማሲንቆ ላይ ጣት በፈረስ ጭራው እየተንሸራተተ የሚያመጣውን ቃና በቁልፍ ብቻ ማውጣት አይቻልም። የቁልፍ ኃይል የሚለካው እስከ 127 በሚደርስ ቁጥር ሲሆን ፒች ቤንድ ግን 16,384 ደረጃ አለው፤ አንቺ ሆዬን ለሚጫወት ሰው ይህ ቅንጦት አይደለም።

ከአሮጌው ኪቦርድ አንዳንድ ቁልፍ እምቢ ካለ ክዳኑን እንፈታለን። ከቁልፎቹ ሥር ረጅም የጎማ ንጣፍ እናገኛለን፤ ውስጡ ጥቋቁር የካርቦን ነጥቦች አሉት። በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ሁለት ነጥብ ካለ አንዱ ቀድሞ ቦርዱን ይነካል፣ ሌላው ይከተላል። ኪቦርዱ ኃይል ብሎ የሚያነበው በሁለቱ መካከል ያለችውን ቅጽበት ነው፤ ቅጽበቷ ካጠረች ድምፁ ይጎላል። አንዱ ነጥብ ሲቆሽሽ ቁልፉ ወይ ዝም ይላል ወይ ቀስ ብለው ቢነኩትም ይጮኻል። ተበላሸ ተብሎ የተጣለ ስንቱ ኪቦርድ በጥጥና በአልኮል ተወልውሎ ተመልሷል!

የሚዲ መሰኪያ የሌለውን ደግሞ ቁልፎቹን ብቻ አስቀርተን አርዱዊኖ የሚባለውን ፕሮግራም የሚጻፍለት ትንሽ ቦርድ እንሰጠዋለን። ሊዮናርዶ ወይም ፕሮ ማይክሮ ይሁን፤ እነዚህ በዩኤስቢ ሲሰኩ ላፕቶፑ እንደ ሚዲ መሣሪያ ያውቃቸዋል፣ ኡኖ ግን እንዲሁ አይታወቅም። ለ61 ቁልፍ 61 ሽቦ አያስፈልግም፤ ስምንት በስምንት ከተደረደረ 16 መስመር ለ64 ቁልፍ ይበቃል። በየቁልፉ አንድ ዳዮድ ካልገባ ግን ሦስት ቁልፍ አብረው ሲጫኑ ያልተነካ አራተኛ ኖታ ሊሰማ ይችላል፤ በኮርድ ለሚያጅብ ተጫዋች ይህ ከባድ ጉዳት ነው። ደግነቱ የብዙ ኪቦርዶች ቦርድ ዳዮዱ አብሮት አለ። ኃይል እንዲለካ ከተፈለገ መስመሩ ይጨምራል፣ የፕሮ ማይክሮ 18 እግሮችም አይበቁም። ያኔ ባለብዙ እግር ቦርድ መፈለግ ነው። ፒያኖ መጫወት ለሚፈልግ ልጅ ኃይል የማይለካ ኪቦርድ ሠርቼ አልሰጥም፤ ጣቱ ገና በጅምሩ ሁሉንም ኖታ እኩል መምታት ይለምዳል።