በግንባታ ሥራ የሴት ሠራተኛና የመዝገቧ ነገር

በጎንደር ከተማ ፎቅ ቤት በሚሠራበት ስፍራ ሁሉ፣ በማለዳ በቆርቆሮው አጥር በር ላይ ከሚሰበሰቡት የቀን ሠራተኞች መካከል የሴቶቹ ቁጥር የሚናቅ አይደለም፤ ሁለት ሁለት ሆነው ባሬላ የሚሸከሙት፣ በጀሪካን ውሃ ወደ ላይ የሚያወጡት፣ አሸዋ የሚነፉት በአብዛኛው እነርሱ ናቸው። ከዚያው ግቢ ውስጥ፣ በጠባቢቱ ቢሮ የሠራተኛውን ፋይልና የደመወዙን ፔሮል ይዛ የምትቀመጠውም አዘውትሮ ሴት ናት። ሴት ልጅ በግንባታ ሥራ ስለ ምን ከፍ ወዳለው ደረጃ አትደርስም እየተባለ በየስብሰባው ሲነሣና ሲወድቅ የኖረው ጥያቄ ሊመረመር የሚገባው፣ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለው ርቀት ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ነገሩን ከጥንቱ ለሚያይ ሰው፣ ግብረ ሕንፃ በባሕርዩ የወንድ ነው የሚለው አባባል በጎንደር ምድር መሠረት የሌለው መሆኑ ይገለጥለታል። ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ከተማዋን ከቆረቆሩ ከአንድ መቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ ዐፄ በካፋ በ1723 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ ስለ ሕፃኑ ልጃቸው ስለ ዳግማዊ ኢያሱ ሥልጣኑን የያዙት እቴጌ ምንትዋብ፣ ስመ መንግሥታቸው ብርሃን ሞገሳ፣ በነገሥታቱ ግቢ ውስጥ የራሳቸውን ግንብ፣ ከከተማውም ወጣ ብለው ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ከነቤተ መንግሥቱ አሠርተዋል፤ ግንበኛውን መርጦ፣ ኖራውንና ድንጋዩን አስቀርቦ፣ ቀለቡን አስቆርጦ ይህን የመሰለ ሥራ ማስፈጸም ሠራተኛን ማስተዳደር ካልሆነ ሌላ ምን ሊባል ይችላል? በዳባትና በደባርቅ ደጋም ቢሆን፣ ወንዱ ምሰሶና ማገሩን ሲያቆም ግድግዳውን የምትመርገው ሴቲቱ ናት። ታዲያ ችግሩ ከየት መጣ ቢሉ፣ ሴቲቱ ከሥራው ሳትርቅ ከመዝገቡ ስለ ራቀች ነው።

ሕጉን ስናይ ግን በዚህ ረገድ ቸል አላለም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ሴቶች ለእኩል ሥራ እኩል ክፍያ የማግኘት መብት እንዳላቸው ሲደነግግ፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ፣ የቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ከወሊድ በኋላ ፈቅዶት የነበረውን 60 ቀን ወደ 90 ቀን ከፍ አድርጎ፣ ከወሊድ በፊት ካለው 30 ቀን ጋር ከነደመወዙ ሰጥቷል፤ ነፍሰ ጡርን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትን ከልክሏል፤ በቅጥርና በእድገት ተወዳድራ ከወንድ እኩል ውጤት ያመጣች ሴት ቅድሚያ እንዲሰጣት አዝዟል። ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን፣ ውሉ በጽሑፍ ባይደረግ እንኳ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው እንዲሰጥ የሚያስገድደው ድንጋጌ ነው፤ ወረቀቱ አልተሰጠም ተብሎ የሠራተኛው መብት እንዳይቀርም በዚያው ተጽፏል።

በአጥሩ በር ላይ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። በማለዳ ከተሰበሰቡት መካከል በጣቱ እየጠቆመ የሚያስገባው የሠራተኞቹ አለቃ ካቦው ነው፤ ስማቸውን በደብተሩ የሚጽፈውም እርሱ ነው። ደብተሩ ወደ ቢሮ የሚመጣው የክፍያ ቀን ሲቃረብ ስለ ሆነ፣ በዚያ የምትቀመጠው የሰው ኃይል አስተዳዳሪዋ የምታደርገው ሌላው የመረጠውን ስም ወደ ፔሮሉ መገልበጥና በስሙ ፊት የጣት አሻራ ማስደረግ ብቻ ይሆናል። ሆዷ የገፋ ሠራተኛ በማግስቱ ጣት ካልተጠቆመባት፣ ማንም ስላላሰናበታት የስንብት ደብዳቤ አይጻፍላትም፤ መቀጠሯም ስላልተጻፈ የወሊድ ፈቃድ አይታሰብላትም። ለአንድ ዓይነት ሸክም ለወንዱና ለሴቲቱ የተለያየ የቀን ሒሳብ በሚቆረጥበት ስፍራም፣ አዋጁ ያሰበው የደመወዝ ቦርድ ዝቅተኛውን ወለል ስላልወሰነ፣ ልዩነቱ የሚሸፈነው ወንዱን «ረዳት» ሴቲቱን «ጉልበት ሠራተኛ» ብሎ በመጻፍ ነው።

ስለ አስተዳዳሪዋ ራሷም ፍርድ ሊሰጥ ይገባል። በዩኒቨርሲቲ ማኔጅመንት ተምራ ወደ ሥራ ተቋራጭ ቤት የምትገባው ወጣት፣ የደመወዝ፣ የጡረታና የፈቃድ ነገር በእጇ ቢሆንም፣ የቅጥር ሥልጣን በሥራው ስፍራ ከፕሮጀክት ሥራ አስኪያጁና ከካቦው ዘንድ ስለሚቀር፣ እድገቷ ከፋይል ወደ ፋይል ይሆናል። ኢንጂነር አይሻ መሐመድ በ2011 ዓ.ም. የከተማ ልማትና ኮንስትራክሽን ሚኒስትር ሆነው መሾማቸው፣ ከእርሳቸውም በኋላ ወይዘሮ ጫልቱ ሳኒ የከተማና መሠረተ ልማት ሚኒስቴርን መምራታቸው ያስደስታል፤ ይሁን እንጂ ይህ ክብር ከዙፋኑ ወርዶ ከአጥሩ በር አልደረሰም። እኔ እንደማየው መድኃኒቱ፣ ያለ አስተዳዳሪዋ ፊርማ ማንም ሠራተኛ በበሩ እንዳይገባ ማድረግ ነው፤ ካቦው ስለ ሙያ ይመስክር፣ ውሉን ግን እርሷ ትጻፍ።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ይህ የውል መጻፍ ነገር እጅግ አስቸኳይ ሆኗል። ከዐቅም በላይ በሆነ ምክንያት ሥራው ከ10 ተከታታይ ቀናት ላላነሰ ጊዜ ሲቆም ውሉ እንዲታገድ አዋጁ ይፈቅዳል፤ የታገደ ውል ያለው ሠራተኛም ሥራው ሲጀመር ተመላሽ ነው። ውሏ ያልተጻፈላት የቀን ሠራተኛ ግን ምኗ ታግዶ ምኗ ሊመለስ ነው? እንዲሁም ሦስት ዓመት ሲሚንቶ ስታቦካ የግንበኛውን እጅ አይታ ግንቡንም ልስኑንም የለመደችው ሴት፣ ለብቃት ምዘና ልቅረብ ወይም በሌላ ተቋራጭ ዘንድ በሙያተኛነት ልቀጠር ስትል የምትጠየቀው የሥራ ልምድ ማስረጃ ነው። አዋጁ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ወረቀት ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ያለ ክፍያ ይሰጠው ይላል፤ ይህንም ወረቀት አዘጋጅታ፣ አስፈርማና ማኅተም አስመትታ የምትሰጠው ያችው በጠባቢቱ ቢሮ ያለችው ሴት ስትሆን፣ ለመጻፍ የሚያስፈልጋት የሦስቱ ዓመት ስም በራሷ መዝገብ መገኘቱ ነው።