ቢጫው መብራት ሲበራ፦ የመኪናን ኮምፒውተር በእጅ ስልክ ማንበብ

ዓለም ጤና በምሥራቅ ሸዋ የቦራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከሞጆ ተነስቶ በቆቃ በኩል ወደ መቂ፣ ባቱና ሻሸመኔ የሚዘልቀው ነባሩ አስፋልት ያቋርጣታል። ሽንኩርትና ቲማቲም የጫነውም፣ ሰው የጫነውም፣ ወደ ሐዋሳ የሚገሰግሰውም ያልፍባታል። በዚህ መንገድ ላይ የ«ቼክ ኢንጅን» ቢጫ መብራት ቦግ ያለበት ሾፌር አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፦ እንዳላየ ሆኖ ይነዳል፤ አለዚያም ሞጆ ወይም አዳማ ደርሶ «ኮምፒውተር ያስነብባል»። በመዳፍ የምትሸፈን አንዲት ዕቃ ግን መብራቱ ለምን እንደበራ እዚያው መንገድ ዳር፣ በራሱ ስልክ እንዲያይ ታደርገዋለች። ይህች ዕቃ ገመድ አልባ የኦቢዲ አዳፕተር ናት።

ኦቢዲ፣ ማለትም መኪናው የራሱን ብልሽት የሚያሳውቅበት ሥርዓት፣ የተጀመረው ከአየር ብክለት ጋር በተያያዘ ነው። የካሊፎርኒያ ግዛት ጭስን ለመቆጣጠር ስትል፣ መኪና ጭሱን የሚያባብስ ብልሽት ሲገጥመው ራሱ እንዲናገር አምራቾችን አስገደደች። ከዚያም ከ1996 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ የቤት መኪና ሁሉ አንድ ዓይነት ሶኬትና የጋራ የብልሽት ኮድ እንዲኖረው ግዴታ ሆነ። የአውሮፓ ኅብረትም ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአዲስ የቤንዚን መኪኖች፣ ቀጥሎም ለናፍጣዎቹ ተመሳሳይ ግዴታ ጣለ። ለአየር ሲባል የወጣው ሕግ ባለመኪናውንና መካኒኩንም ጠቀመ፤ እያንዳንዱ አምራች በራሱ መሣሪያ ብቻ ያነብ የነበረው ምስጢር ለማንም ተከፈተ።

ሶኬቱ ከመሪው በታች፣ በሾፌሩ ጉልበት አካባቢ አብዛኛውን ጊዜ ይገኛል፤ 16 ፒን አለው። 16ኛው ፒን ከባትሪ ኃይል ያመጣል፣ 4ኛውና 5ኛው ኔጋቲቭ ናቸው፤ በአዳዲሶቹ መኪኖች መረጃው የሚመላለሰው በ6ኛውና በ14ኛው ነው። አዳፕተሩ እዚህ ይሰካል፣ ቁልፉ «ኦን» ይደረጋል፣ ስልኩ በብሉቱዝ ይገናኛል፤ የይለፍ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ 1234 ወይም 0000 ነው። ከዚያ እንደ ቶርክ ወይም ካር ስካነር ያለ መተግበሪያ ይከፈታል። አይፎን የያዘ ሰው በተራው ብሉቱዝ ስለማይሠራለት በዋይፋይ ወይም በአዲሱ ዝቅተኛ ኃይል ብሉቱዝ የሚሠራውን መርጦ መግዛት አለበት።

በአዳፕተሩ ውስጥ ያለው ዋና ነገር እንደ አስተርጓሚ የሚያገለግል ቺፕ ነው። ኤልም ኤሌክትሮኒክስ የተባለ የካናዳ ኩባንያ በ2005 እ.ኤ.አ. ኢኤልኤም 327 የሚባለውን ቺፕ ለገበያ አቀረበ፤ ቺፑ መኪኖች የሚግባቡባቸውን የተለያዩ ቋንቋዎች ስልክ ወደሚረዳው ተራ ጽሑፍ ይቀይራል። ስልኩ «01 05» ብሎ ሲጠይቅ የራዲያተሩ ውሃ ስንት ዲግሪ ደረሰ ማለቱ ነው። መኪናው «41 05 7ቢ» ብሎ ይመልሳል። 7ቢ በኮምፒውተር አቆጣጠር 123 ነው፤ 40 ሲቀነስለት 83 ዲግሪ ይሆናል። መተግበሪያው ይህን ሒሳብ በየቅጽበቱ እየሠራ ሙቀቱን፣ የሞተሩን ዙር፣ የባትሪውን ቮልት በስክሪኑ ላይ ያሳያል።

ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ብልሽት ሲገጥም ነው። መኪናው ሲንቀጠቀጥና ጉልበት ሲያጣ ኮዱ ፒ0301 ነው እንበል። ትርጉሙ አንደኛው ሲሊንደር በትክክል አያቃጥልም ማለት ነው። ካንዴላው ይሁን ኮይሉ፣ ኢንጀክተሩ ይሁን ኮምፕረሽኑ ግን ኮዱ አይናገርም። ጎበዝ መካኒክ ዕቃ ግዛ ከማለቱ በፊት የአንደኛውን ኮይል ከሁለተኛው ጋር ያቀያይርና ኮዱን አጥፍቶ ሞተሩን ያስነሳል። አዲሱ ኮድ ፒ0302 ከሆነ ችግሩ ከኮይሉ ጋር ተዛውሯል፤ ጥፋተኛው ኮይሉ ነው። እዚያው ፒ0301 ላይ ከቀረ ኮይሉ ነፃ ነው፤ ምርመራው ወደ ካንዴላውና ወደ ኢንጀክተሩ ይቀጥላል። ባለመኪናው አንድም መለዋወጫ ሳይገዛ ግማሹን መንገድ ተጉዟል። ኮድ ፍለጋው ከየት እንደሚጀምር ይጠቁማል፤ ፍርዱ የሚሰጠው በሙከራ ነው።

በስምጥ ሸለቆ ሙቀት ደግሞ የሙቀት ቁጥሩ ልዩ ዋጋ አለው። ዓለም ጤና ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ከፍታ ላይ በክፍት ዕቃ የተጣደ ውሃ 95 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን በደንብ ካልያዘ ሞተሩ ቶሎ የሚፈላው ለዚህ ነው። ሲያስቸግር ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል እንደ መፍትሔ ይታያል፤ አዳፕተሩ ግን የዚህን ውጤት ያጋልጣል። ሞተሩ በመደበኛ ሙቀቱ አይሠራም፣ ኮምፒውተሩም ገና አልሞቀም ብሎ ነዳጅ ይጨምራል፤ ፒ0128 የሚለው ኮድ ብቅ የሚለውም በዚህ ጊዜ ነው። ቴርሞስታት የጎደለው መኪና ከመፍላት የዳነ ቢመስልም በነዳጅ ይከፍላል።

ከፍታውን ራሱን ማየትም ይቻላል። የአየር ግፊት ሴንሰር ባለው መኪና ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉ «ኦን» ሲደረግ፣ ሴንሰሩ የውጭውን አየር ግፊት ያነባል። አዲስ አበባ ላይ 76 ወይም 77 ኪሎፓስካል የሚሆነው ቁጥር ዓለም ጤና ላይ ወደ 84 ይጠጋል። ከዚህ በጣም የራቀ ንባብ ካለ ሴንሰሩ ራሱ መመርመር አለበት።

ሁሉም መኪና ግን አይነበብም። ላዳ፣ የድሮው ፎልክስዋገንና ሜካኒካል ፓምፕ ያላቸው የናፍጣ ሚኒባሶች የሚነበብ ኮምፒውተር የላቸውም። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ የቆዩ ቶዮታዎች፣ ቪትዝን ጨምሮ፣ ሶኬቱ እያላቸው በመደበኛው ቋንቋ ላይመልሱ ይችላሉ፤ መተግበሪያው ላይ የጃፓን ቶዮታ የሚለውን ምርጫ መሞከር ያስፈልጋል። ሲኖትራክን የመሰሉ ከባድ መኪኖች በ24 ቮልት ስለሚሠሩ ለ12 ቮልት የተሠራውን አዳፕተር እነሱ ላይ መሰካት አይገባም። የኤሌክትሪክ መኪኖችም የባትሪያቸውን መረጃ የሚሰጡት በየአምራቹ ኮድ ስለሆነ ያንን ሞዴል የሚያውቅ መተግበሪያ ይጠይቃሉ።

ገበያውን የሞላው አስመስሎ የተሠራ ቺፕ ነው። ኤልም ኤሌክትሮኒክስ በ2022 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል፤ 1.5 የሚባል እትምም ፈጽሞ አውጥቶ አያውቅም። «እትም 1.5» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሁሉ ቅጂ መሆኑን ራሱ ይመሰክራል። ቅጂ ስለሆነ ብቻ አይሠራም ማለት አይደለም፤ ገዢው ከመክፈሉ በፊት በራሱ መኪና ላይ ይሞክረው። ከተጠቀሙበት በኋላም መንቀል ይበጃል፤ ተሰክቶ ከቆየ ባትሪ ሊጨርስ ይችላል፣ የይለፍ ቁጥሩም ማንም የሚገምተው ነው።

ያገለገለ መኪና ለሚገዛ ሰውም ዕቃዋ ታማኝ አጋር ናት። ሻጭ ኮዱን አጥፍቶ መብራቱን ሊሰውር ይችላል። ይሁን እንጂ ብዙ መኪኖች ኮድ ከጠፋ ወዲህ ስንት ኪሎ ሜትር እንደተነዳ ይመዘግባሉ፤ የውስጥ ፍተሻዎቻቸው መጠናቀቅ አለመጠናቀቃቸውንም ያሳያሉ። ቁጥሩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ካለ፣ ፍተሻዎቹም ካላለቁ፣ አንድ ሰው በቅርቡ ኮድ አጥፍቷል ወይም ባትሪ ነቅሏል፤ ገዢው ለምን ብሎ ይጠይቅ።

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ፣ ያሉትን በአግባቡ ጠግኖ ማቆየት የብዙ ቤተሰብ ጉዳይ ሆኗል። ስለዚህ አዳፕተር የገዛ ሰው ብልሽት እስኪመጣ አይጠብቅ። መኪናው ጤነኛ ሳለ ሙቀቱን፣ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ያለውን ዙር፣ ሞተሩ ጠፍቶና ተነስቶ ያለውን ቮልት በደብተር ይመዝግብ። ቢጫው መብራት የበራ ዕለት ኮዱን ሳያጠፋ ከዚህ ደብተር ጋር ለመካኒኩ ያሳየው፤ መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ግን ቆሞ ሞተሩን ያጥፋ። መካኒኩም በግምት ዕቃ ከማስገዛት ይልቅ ድሮና ዛሬን አመሳክሮ ይሠራል፤ ባለመኪናውም የሚከፍለው ለምን እንደሆነ ያውቃል።